የአርጃኖው ጨጓራና የሼህ ሐምዳን ዚር

ባለፈው ሳምንት ማለዳ አንድ አርጃኖ፣ ያ ትልቁ እንሽላሊት፣ በአጥሬ ሾልኮ ወደ ዶሮዎቹ ቤት ሲያዘግም አየሁት። የልጅ ልጄ ድንጋይ አነሣች። «ተይው፤ ባለውለታዬ ነው» አልኋት። ሳቀች። እኔ ግን እውነቴን ነበር።

በወጣትነቴ አሶሳ በሚገኝ አንድ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርሁ። በአንድ የመጋቢት ወር፣ ምድሩ እንደ ምጣድ በጋለበት ሰሞን፣ ዶክተር እታገኝ የተባሉ ተመራማሪ ከደጋ መጡ። የአርጃኖን ጨጓራ ማጥናት ፈልገው ነው። የጨጓራው ጡንቻ በየተራ እንዲኮማተርና እንዲፍታታ ምት የሚሰጡትን ጥቃቅን ሕዋሳት፣ ከነርቭ መረቡ ጋር በማይክሮስኮፕ ሊያዩ ነበር። ለዚህም ጨጓራው በሰም ውስጥ ተቀብሮ፣ ከፀጉር በቀጠነ ውፍረት መቆረጥ ነበረበት። ቆራጩ እኔ ነበርሁ።

ሰሙ ግን እንደ ቅቤ ለስልሶ ከምላጩ ሥር ተጨማደደ። ሦስት ናሙና አበላሸሁ፤ አንድ ብቻ ቀረ።

«የመጣሁበት መኪና ከነገ ወዲያ ወደ ደጋ ይመለሳል» አሉ ዶክተር። «እስከዚያ ካልሆነ፣ ሥራውን ለደጋው ላቦራቶሪ እሰጣለሁ።»

«ዶክተር፣ ከመመሪያው አንዲት ቃል አላዛነፍሁም። ‹በክፍል ሙቀት ይቆረጥ› ነው የሚለው።»

የበርታ ተወላጅ የሆኑት ዘበኛችን ሼህ ሐምዳን ከበሩ ሆነው ሳቁብኝ። «ይሄ ወረቀት የጻፈ ሰው አሶሳ መጣ እንዴ? ወላሂ፣ የሱ ክፍል ሌላ፣ ያንተ ክፍል ሌላ!»

አፈርሁ። ያን መመሪያ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የማን ክፍል እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ሰንብቷል። ሼህ ሐምዳን ከማንጎው ጥላ ሥር ወደቆመው ዚር፣ ላዩ እያላበ ውኃውን ወደሚያቀዘቅዘው ትልቅ የሸክላ ዕቃ፣ ወሰዱኝ። «እዚህ ይደር። ጠዋት ፀሐይ ቅደም። ውኃ ግን አንተ ትቀይራለህ፤ የአርጃኖ ሻይ አንጠጣም!»

የመጨረሻውን ናሙና በፕላስቲክ ጠቅልዬ ዚሩ ውስጥ አንጠለጠልሁ። ጎሕ ሲቀድ ምላጩን አሳረፍሁ። የመጀመሪያው ቅንጣቢ ሳይጨማደድ ወጣ፤ ሁለተኛው ተከተለው፤ ከዚያ እንደ ጥብጣብ ተያይዘው ፈሰሱ።

በማግሥቱ፣ ቅንጣቢዎቹ በቀለም ከተነከሩ በኋላ፣ ዶክተር ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው መስታወቱን ደጋግመው አስተካከሉ። «ና፣ እይ» አሉኝ። በሁለቱ የጡንቻ ንጣፎች መካከል የነርቮቹ ጉብታዎች እንደ ዓሣ መረብ ቋጠሮ ተደርድረዋል። ዙሪያቸውን፣ መሐላቸው ወፈር ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ ሕዋሳት ቀጫጭን ክንዳቸውን ዘርግተዋል።

«ምት ሰጪነታቸውን ለማረጋገጥ ብዙ ይቀረናል» አሉ። «ቦታቸውና መልካቸው ግን ይኸውና። ሥራው እዚሁ ይቀጥላል።»

ሼህ ሐምዳንም በተራቸው አዩ። «ማሻአላህ! አርጃኖ ውስጡ እንዲህ ያምራል?»

ኋላ መመሪያው ሲሻሻል «በቆላ አካባቢ ሰሙ በዚር ቀዝቅዞ ከፀሐይ መውጣት በፊት ይቆረጥ» የሚል ዐረፍተ ነገር ገባበት። ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ስሜ የለበትም፤ አሠራሩም አይፈቅድም። ዚሩ ግን አለ።

ታሪኩን ስጨርስ የልጅ ልጄ ድንጋዩን ጥላ ነበር። «አባባ፣ እንቁላላችንን እየበላ እኮ ነው!»

«ተይው» አልኋት፤ «ጨጓራው ሥራ ላይ ነው።»