ሲደርሱ ይደውሉልኝ

ለዶክትሬት ሳመለክት ሁለተኛዬ ነበር። በመጀመሪያው «ርዕስሽ ሰፊ ነው» ብለው መለሱኝ። አሁንም ካልተሳካልኝ መሥሪያ ቤቴ የትምህርት ፈቃዱን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አለቃዬ ፊት ለፊት ነግሮኛል። ስለዚህ ርዕሱን አጠበብኩ፤ ቃላቱን ግን አስረዘምኳቸው። «የተቀናጀ የአድራሻ ሥርዓት አተገባበርና ተግዳሮቶቹ በምሥራቅ አዲስ አበባ» አልኩት። ሳነበው እኔኑ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ይሁን፣ ምሁር ይመስላል ብዬ ላክሁት።

ቃለ መጠይቁ ኦሎምፒያ አካባቢ ነበር። ኢምፔሪያል ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ፣ ላብ በላብ ሆኜ ደረስኩ። ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል። መሐል ያሉት ሽማግሌ ወረቀቴን አገላበጡና፣

«ለመሆኑ ይሄ ነገር አንቺን ምን አገባሽ?» አሉኝ።

«የጥናት ክፍተቱን ለመሙላት...»

«ክፍተቱን ተይው። ቤትሽ የት ነው?»

«አያት ነው። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ሲገቡ ቢጫ ኮንቴይነር ሱቅ አለ፤ እዚያ ሲደርሱ ይደውሉልኝ።»

ሦስቱም ሳቁ። አድራሻ ላጠና የመጣሁት ሴትዮ! እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም፤ ይህንኑ ቃል ለአምቡላንስ ሾፌርም ብዬው ነበር።

ነገርኳቸው። አባዬ ስትሮክ መትቶት መታጠቢያ ቤት የወደቀ ዕለት ሾፌሩ ኮንቴይነሩ ጋ ደርሶ ደወለልኝ። እየሮጥኩ ወጣሁ፤ የለም። «እዚሁ ነኝ!» ይላል፤ «እኔም እዚሁ ነኝ!» እላለሁ። ለካ ቢጫው ኮንቴይነር ሁለት ኖሯል። እሱ አንዱ ጋ፣ እኔ ሌላው ጋ ቆመን በስልክ ስንጯጯህ ጊዜው ሄደ። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ኖሮ...» አለኝ። የአባዬ ቀኝ እጅ ከዚያ ወዲህ አይታዘዝለትም፤ ምላሱም ይተሳሰርበታል።

እንባዬን በመዳፌ ጠረግኩ። አለቀልኝ፣ እዚህ መጥቼ ላልቅስ? በራሴ ተናደድኩ።

«ይህን ለምን አልጻፍሽውም?» አሉኝ ሽማግሌው።

«የቤቴ ገበና ነው ብዬ ነዋ።»

«ጥናትሽ እኮ እሱ ነው። አስተካክለሽ በሳምንት ውስጥ አምጪ።»

«ሲደርሱ ይደውሉልኝ» የሚለውን ርዕሱ ላይ አስገብቼ እንደገና ጻፍኩት። ተቀበሉኝ። የዚያን ቀን እየበረርኩ ቤት ገብቼ ለአባዬ ሁሉንም አጫወትኩት። በትዕግሥት ሰማኝና ቃሉን እየጎተተ፣

«ታዲያ... የእኛ ቤት ቁጥር ስንት ነው?» አለኝ።

አላውቀውም ነበር። ወጥቼ በሩ ላይ ተለጥፎ የኖረውን ቁጥር አነበብኩ።