የሻይ ክብ

የያዙኝ ከቸርችል ወደ ፒያሳ ስወጣ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ቀደም ብሎ በሰፈር ስብሰባ ላይ «ቤታችን የሚፈርሰው ለማን ተብሎ ነው?» ብዬ ነበር። ጥፋቴ ይቺው ናት። የእስር ክፍሉ ሲከፈት የሽንትና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ተቀበለኝ። ጥግ ላይ የነበሩ ሴት ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። እሪ በከንቱ ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡ እናት ናቸው፤ ፖሊሶች ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን ይዘው መጡ።

ሠዓሊ ነኝ። እዚያ ቀለም የለም። የብስኩት ካርቶን ቀድጄ፣ የኩባያዬን ቂጥ ሻይ ውስጥ እየነከርኩ ክብ በክብ ላይ አተምኩበት። ከብርድ ልብሱ ክር እየመዘዝኩ በታኘከ ዳቦ አጣበቅኩ። የምንም ነገር ሥዕል አይደለም። ግን አንዷ ክር የምታርፍበትን ቦታ እስካገኝላት ድረስ የበሩ ብረት እንኳ አይሰማኝም ነበር።

«ምንድነው እሱ ልጄ?»

«እንጃ እትዬ። ዝም ማለት መሰለኝ።»

«ለካ ዝምታም ዳቦ ይበላል!» ብለው ሳቁ። በማግስቱ ግን ከነጠላቸው ጥለት ቀይ ክር መዘው ሰጡኝ፤ እሱንም ካርቶኑ ላይ አጣበቅኩት።

በፍተሻ ካርቶኑን ወሰዱት። ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። በዕድሜ ያንሰኛል፤ ሽቶው ከበሩ ይቀበላል። «እርስዎ» እለው ነበር፤ ከአክብሮት ሳይሆን እንዳይቀርበኝ ብዬ።

«ካርታ ነው» አለኝ።

«ሻይ ነው።»

«ይሄ ክብ አደባባይ ነው። የቱ አደባባይ?»

«የኩባያ ቂጥ ነው።»

ሁለት ባልደረቦቹን ጠራ። አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሳው፤ ሌላው አሸተተው። «አምስት ኪሎን ይመስላል» አለ ያሸተተው፣ በሙሉ ልቡ። ሦስት ጎልማሶች የታኘከ ዳቦ ላይ አቀርቅረው መንገድ ይፈልጋሉ። ሳቄን በስንት መከራ ዋጥኩት።

ከዚያ እነሱን አስወጣና ድምፁን አለሰለሰ። ጣቱን ቀዩ ክር ላይ አሳረፈ።

«የሴትዮዋ ልጅ የተደበቀበት ቤት ይሄ ነው። እሷ ነግራሽ ነው የሠራሽው። ይህን ብለሽ ፈርሚና ዛሬ ቤትሽ እደሪ።» እስክሪብቶ አስጠጋልኝ።

አልዋሽም፤ አልጋዬ ዓይኔ ላይ መጣ። ግን ጣቱን አየሁት፤ ጥፍሩ በጥንቃቄ ተሞርዷል። ከእናት ነጠላ በተመዘዘ ክር ልጇን ሊያንቅ ነው የተቀመጠው፣ ክሩ የእሷ መሆኑን እንኳ ሳያውቅ። ፍርሃቴ የት እንደገባ እንጃ፤ የቀረኝ ንቀት ብቻ ነበር።

እስክሪብቶውን መልሼ ገፋሁለት። ካርቶኑንም ጠረጴዛው ላይ አዞርኩና አስተካከልኩለት።

«ይቅርታ፣ እስካሁን ገልብጠው ነው ሲያዩት የነበረው።»

ፊቱ ደም ለበሰ። ወደ ክፍሌ መለሱኝ።

«ምን አሉሽ?» አሉኝ እናት።

«ጥለትዎን አድንቀዋል።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁን፤ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ኋላ እኔን። ልጃቸው ደህና ነው። ካርቶኑ አልተመለሰልኝም።

ዛሬ ሥራዎቼ በአዳራሽ ይሰቀላሉ። ሰው መጠጡን ይዞ ያልፋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። እንደዚያ መርማሪ ሥራዬ ላይ አፍጥጦ የዋለ ተመልካች እስካሁን አልገጠመኝም። እንደሱ ምንም ያላየም የለም።