ግሪሳው የሚያድርበት ፊላ

ሰው ሲያረጅ ወይ መስጊድ ያዘወትራል፣ ወይ ከዘራ ይይዛል። እኔ ቢራቢሮ ማሳደድ ያዝኩ። ቆቦ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ ስንት ዓመት የሰው ጉርድ ፎቶ ሳነሳ ኖርኩና፣ ስልክ ሁሉን ሰው ፎቶ አንሺ ሲያደርገው ቤቱን ዘጋሁ። ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ሜዳ ወጣሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል። አንዱን ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ካነሳኋቸው ቢራቢሮዎች ግማሾቹ ጢስ ይመስላሉ፤ የቀሩት ቢራቢሮዋ ከሄደች በኋላ የተነሱ ቅጠሎች ናቸው። ባዶ ቅጠል በማንሳት በራያ ቆላ የሚስተካከለኝ የለም።

አንድ እኩያዬ ጎብዬ ገበያ ላይ አግኝቶኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጥርስህ ካለቀ በኋላ ነው አበባ የታየህ?» አለኝ።

«ምን ላድርግ» አልኩት፤ «ያንተን ዓይነት ፊት ሳነሳ ኖሬ ዓይኔ ቢታመም፣ ሐኪሙ አበባ አዘዘልኝ።»

የምወደው ቦታ ከዋጃ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ ረግረግ ነበር። የክረምቱ ጎርፍ የተወው ውኃ ይተኛበታል፤ ዙሪያውን ፊላ ከሰው ቁመት በላይ በቅሏል። ዳር ዳሩን ከጥፍሬ የማይበልጥ ሰማያዊ አበባ አለ። ስሙን የጠየቅሁት ሁሉ «አረም ነው» ብሎኛል። አረሙ ላይ ነጫጭና ቢጫ ቢራቢሮዎች ይሰፍራሉ። ፊላው ጫፍ ላይ ደግሞ ንብ ከአየር የምትለቅም አረንጓዴ ወፍ አለች። በሆዴ ተኝቼ እጠብቃታለሁ። መተኛቱ ቀላል ነው፤ ጣጣው መነሣቱ ነው። አንድ ቀን ወገቤ እምቢ ቢለኝ በአራት እግሬ ስድህ ያየችኝ ላም ደንብራ ሸሸች።

በዚያ ዓመት የእህቴ ማሽላ ጥሩ ይዞ ነበር። ታናሼ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ የሚኖረው በዚያች ማሳ ነው። ያለፈውን አዝመራ ድርቅ በልቶባታል። ይህም ከጠፋ መሬቷን አከራይታ፣ ከተማ ገብታ የሰው ልብስ ልታጥብ ወስናለች። ማሽላው ወተት ሲይዝ ግሪሳ መጣ። ግሪሳ ብቻውን ሲያዩት የሚያሳዝን፣ ከድንቢጥ የማይበልጥ ወፍ ነው። ሲሰበሰብ ግን እንደ ደመና ይዞራል፤ ያረፈበት ማሳ አገዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እህቴን ወባ አስተኝቷት ስለነበር ማማው ላይ እኔ ወጣሁ። በማሽላው መሃል፣ በአራት ባላ ላይ የተሠራ ቆጥ ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ በወንጭፍና በጩኸት ወፍ ይጠበቃል። ወፍ ለማየት ትንፋሹን የሚውጥ ሽማግሌ ወፍ አባራሪ ሆነ! የመጀመሪያውን ድንጋይ ወንጭፌ ወደ ኋላ ላከው። ከጎረቤት ማማ አንዲት ሴት፣ «ኧረ አባባ፣ ወፉ ወዲያ ነው! እኔ ምን በላሁ?» ብላ ጮኸች።

ማማዎቹ እየተቀባበሉ ነው የሚጮሁት። አንዱ ዝም ካለ ከሌሎቹ የተባረረው መንጋ ሁሉ እሱ ላይ ይወድቃል። ብዙም ሳልቆይ ድምፄ ተዘጋ። ጀሪካን እየደበደብኩ ቀጠልኩ፤ መንጋው ግን ደካማውን ያውቃል። የእህቴ ማሳ ከምሥራቅ በኩል እየሳሳ መጣ።

የግብርና ሰዎች መጥተው አውሮፕላን መድኃኒት ሊረጭ እንደሆነ ነገሩን። የሚረጨው ማሳ ላይ ሳይሆን፣ ሲመሽ ወፉ የሚያድርበት ቦታ ላይ ነው። ማደሪያውን ያየ ይናገር ተባለ። ሰዉ ወደ ዞብል ተራራ ግርጌ ወርዶ ግራር ለግራር ፈለገ፤ አላገኘም።

እኔ አውቀው ነበር። ጀንበር ስትጠልቅ መንጋው እየተጥመለመለ የኔ ፊላ ውስጥ ሲገባ ደጋግሜ አይቻለሁ። ብናገር ረግረጉ ይሞታል፤ ብደብቅ ማሽላው ያልቃል። እህቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ጣቴን እቆጥራለሁ።

«ጋሼ» አለችኝ፤ «አንተ ወፍ ስትከተል አይደል የምትውለው? የት እንደሚያድር አታውቅም?»

«የእኔ ወፎች ሌሎች ናቸው።»

«ወፍ ደግሞ የእኔና የአንተ አለው?»

«ያንቺው ማሽላ ይበላል፤ የእኔው ፎቶ አልነሳም ይላል።»

አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ግድ የለም ጋሼ» አለች፤ «ከተማ ስገባ ያንተንም ልብስ አጥብልሃለሁ።»

በማግስቱ ሰዎቹን ፊት ፊት እየመራሁ ወሰድኳቸው። አንዱ ወጣት ባለሙያ፣ «አባባ፣ እንዴት አወቁት?» አለኝ።

«ሥራ ፈት ስለሆንኩ» አልኩት።

አውሮፕላኑ ሲመሽ ዝቅ ብሎ ሄደ፣ ተመለሰ። ከሩቅ ጉም የመሰለ ነገር ሲወርድ አየሁ። መቅረብ ሲፈቀድ ሄድኩ። ግሪሳው ከፊላው ሥር ተነጥፏል። እሱስ እሺ። አረንጓዴዋ ወፍም እነሱ መሃል ወድቃለች። ቢራቢሮዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ውኃው ላይ ተንሳፍፈዋል። ሰማያዊው አረም ምንም አልሆነ፤ እንደ ወትሮው ፈክቷል፣ የሚያርፍበት ግን የለም። ካሜራውን አነሳሁ፤ መልሼ አወረድኩ። ደግሞ አነሳሁና አንዲት ቢራቢሮ ፎቶ አነሳሁ። ወላሂ፣ ጥርት ያለች ናት፤ የክንፏ ብናኝ እንኳ ይታያል። በዕድሜዬ እንደሷ ያለ ፎቶ አልወጣልኝም። ደስ እንዲለኝ ብሞክር እምቢ አለኝ።

የማሽላው ግማሽ ተረፈ። እህቴም ተሽሏት አሳጨደችው፤ ከተማ መግባቱም ቀረ። ከውቂያው በኋላ አዲሱን ዱቄት በከረጢት ተሸክማ ቤቴ መጣች። ትንሽ አረፍ አለችና፣ «ጋሼ፣ እስኪ ቢራቢሮዎችህን አሳየኝ» አለች። ከዚያ በፊት ጠይቃኝ አታውቅም።

«ባትሪው አልቋል» አልኳት።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካሜራ አየችው። እየሠራ መሆኑን የሚያሳየው ቀዩ መብራት በርቷል። ዱቄቱን ዕቃዬ ውስጥ ገለበጠች፣ ከረጢቷን አራግፋ አጠፈችና ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንግዲያ ሲሞላ» አለችኝና ወጣች።