በእትየ ሙሉ ቤት ቦክስ ስናይ

ባለፈው እሁድ ሞጣ፣ ፀጉር ቤት ተቀምጬ ሹሩባ ስሠራ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን የዙር መጀመሪያ ደወል ሰማሁ። የሻምፒዮና ቦክስ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች "ድራማ አድርጊልን" እያሉ ያጉረመርማሉ፤ እኔ ግን ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ አልነቀልኩም። ይኸው ልጆች ወልጄም ያ ደወል ሲጮኽ መዳፌን ያልበኛል። ቦክስ መውደድንም መፍራትንም ያስተማሩኝ ብቸና ጎረቤታችን የነበሩት እትየ ሙሉ ናቸው።

እትየ ሙሉ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ፤ ገና ደጃቸው ስደርስ ያስነጥሰኛል። ብቸኛ ልጃቸው አንተነህ አዲስ አበባ ቦክሰኛ ሆኖ፣ ኋላው የተቆዘረ ቴሌቪዥን ገዝቶ ላከላቸው። በዳንቴል ሸፍነውት ቦክስ ያለ ቀን ብቻ ይገልጡታል። ልጃቸው ባይኖርበትም ቦክስ አያመልጣቸውም። ማየቱን ግን አይችሉትም፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው እኔን ያስነግሩኛል።

"ማን ተመታ?"

"ባለ ሰማያዊው።"

"ወደቀ?"

"ኧረ ቆሟል፣ እትየ።"

የወደቀ እንደሆነ፣ የየትም አገር ሰው ይሁን፣ ለጊዮርጊስ ጧፍ ይሳላሉ። "እሱንም የወለደች አለች፣ ልጀ" ይሉኛል። እኔም ለእሳቸው ለመንገር ስል ጨዋታውን ለየሁት፤ ግራኙን፣ ትንፋሽ ያጠረውን፣ ጉልበቱ የተብረከረከውን ከዳኛው ቀድሜ አውቅ ነበር። ያኔ አሥር ዓመቴ ነው።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አንተነህ ራሱ ለአገር ሻምፒዮንነት ሲጋጠም በቴሌቪዥን ቀረበ። ቤቱ በጎረቤት ሞላ። ሁለት ዙር ደህና ሄደ። በሦስተኛው ግራ እጁን ትንሽ ዝቅ ሲያደርግ አየሁ። ቡጢው አገጩ ላይ አረፈ፤ በፊቱ ተደፋ።

እትየ ሙሉ ነጠላውን እንደተከናነቡ ጉልበቴን ጨመደዱኝ።

"ተነሳ?"

ዳኛው ይቆጥራል። ስድስት። ሰባት። የአንተነህ ጣት እንኳ አይንቀሳቀስም።

"ተነሳ፣ እትየ" አልኩ።

"ማርያምን በይ።"

ይህንንስ አልችልም። እኛ ቤት ሌላ ሌላው ይዋሻል፤ በማርያም ምሎ የዋሸ ግን የለም። አለመማሌ ነገራቸውና ነጠላውን ገለጡት። ሐኪም ጎንበስ ብሎበታል፤ ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ይሮጣሉ። ከዚያ ፕሮግራሙ ወደ እግር ኳስ አለፈ።

ቢደውሉ፣ ቢደውሉ ስልኩ ዝግ ነው። እትየ ሙሉ አላለቀሱም፤ መሬት ላይ ተቀምጠው "ተነሳ በሉኝ" ብቻ ይላሉ። አንዳንዶቹ ሴቶች ከወዲሁ ነጠላቸውን ለለቅሶ ዘቅዝቀዋል። እኔ ከበርበሬው ጆንያ ኋላ ተወሽቄያለሁ። ተነሳ ብዬ በመዋሸቴ የገደልኩት እኔ መሰለኝ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም ቢሆን።

አሥራ አንድ ሰዓት ግድም አንተነህ በሩን ከፍቶ ገባ። ቦርሳ አንጠልጥሏል፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፣ ከንፈሩ ተሰፍቷል። ለካ ግጥሚያው የቅዳሜ ኖሯል፤ እኛ ያየነው ቀረጻውን ነው።

"እማ፣ ሳታይው ልድረስ ብዬ ገና ጎህ ሳይቀድ ነበር የተሳፈርኩት" አላቸው። "ዓባይ በረሃ ላይ ጎማ ፈነዳብን። ስልኬም ባትሪ ጨርሶ።"

እትየ ሙሉ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወዲያ ቦክስ ለማየት አልተቀመጡም። እሱም ቦክሱን እስኪተው ድረስ ከየግጥሚያው በኋላ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሳቸው ነበር።

አሁን እሳቸው የሉም። እኔ ግን የሻምፒዮና ግጥሚያ ከተባለ አያመልጠኝም። አሸናፊው ቀበቶውን ከፍ ሲያደርግ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። እኔ የወደቀው ልጅ በእግሩ ሲወጣ ሳላይ ቴሌቪዥን አልዘጋም። አንዳንዴ አያሳዩትም። ያን ቀን እስኪመሽ ስፈራ እውላለሁ።