አልአዛር ብርብራ የበተነ ቀን

ከሸዋ ቤንች ወጣ ብሎ፣ በቡና ማሳዎች መሃል በምትወርደው ትንሽ ወንዝ ላይ፣ በመንጠቆ አሳ በማጥመድ አልአዛርን የሚስተካከለው አልነበረም። ቡናውን ለቅሞ ሲያበቃ ትል በቆርቆሮ ይዞ ይወርዳል፤ ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጀርባቸው ቡናማ፣ ሆዳቸው ቢጫ የሆኑትን የወንዟን አሳዎች አንድ በአንድ ያወጣል። ትንንሾቹን መልሶ ይለቃቸዋል።

በብርብራ የሚያጠምዱትን ግን አይኑ እንዲያያቸው አይወድም። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን አሳው ትልቅ ትንሽ ሳይል ራሱን ስቶ ይንሳፈፋል። ከአራት ዓመት በፊት ጎረቤቱን ኢዮሲያስን እንዲህ ሲያደርግ እጅ ከፍንጅ ይዞ ሽማግሌ ፊት ያቆመው እሱ ነው። «ወንዝ የሚገድል ሰው ነገ ምን አይገድልም?» ያላት ቃል ገበያ ድረስ ተወራች። ኢዮሲያስ በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያ ወዲያ ብርብራ በእጁ አልነካም።

የአልአዛር ሚስት ካረፈች ቆይታለች። ያለችው አንዲት ልጁ ሐሴት ሚዛን ተፈሪ ስትማር ጌታሁን ከሚባል መምህር ጋር ተዋደደች። ጌታሁን ኦርቶዶክስ፣ እነሱ ጴንጤ፤ በሁለቱም ወገን ጉርምርምታው ከረመ። በመጨረሻ የጌታሁን አባት አቶ ከፈለኝ ሽማግሌ ይዘው ሊመጡ ቀን ተቆረጠ። ቀኑ የነቢያት ጾም ውስጥ ዋለ። እነ ጌታሁን ቤት በዚህ ጾም አሳ እንደሚበላ ከሐሴት የሰማው አልአዛር ለአቶ ከፈለኝ ደውሎ፣ «ብቻ እርስዎ ይምጡ፤ በመንጠቆዬ ያወጣሁትን አሳ አበላዎታለሁ» አላቸው።

ወንዟ ግን እምቢ አለች። ሦስት ቀን ተቀምጦ ያገኘው ሁለት አሳ ብቻ ሆነ። እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር፣ ረፋዱ ላይ ባዶ እጁን ሲመለስ በብርብራ ዛፍ ሥር አለፈ። አለፈና ተመለሰ። «አንዴ ብቻ ነው፤ ለልጄ ነው» አለ ለራሱ። ፍሬውን ለቃቅሞ በድንጋይ ወቀጠና ወንዟ ጠለቅ ከምትልበት ቦታ ራስ ላይ በተነው።

ብዙም አልቆየ። አሳዎቹ ጎናቸውን እያሳዩ ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር። ትልልቆቹን አሥራ ሦስት ያህል ለቀመ። ከኋላቸው ትንንሾቹ መጡ፤ ጣት የማያክሉ፣ የደረቀ ቅጠል የሚመስሉ፣ ሥፍር ቁጥር የሌላቸው። አንዷን አንስቶ መዳፉ ላይ ያዛት። አፏን ሁለቴ ከፈት ዘጋ አደረገችና ቀረች። ሌሎቹን ውሃው ወደ ታች ወሰዳቸው። ሰው እንዳያየው በጫካው ዞሮ ቤቱ ገባ።

አሳ የምታጸዳው ከልጅነቷ ጀምሮ ሐሴት ናት። ሦስተኛውን ስትይዝ ቢላዋዋን አስቀመጠች። አፉን በጣቷ ከፈተች፤ ሌላ አነሳች፣ የሱንም ከፈተች።

«አባዬ፣ የአንዱንም ከንፈር መንጠቆ አልቀደደውም» አለች።

አልአዛር እሳቱን የሚቆሰቁስ መስሎ ጎንበስ አለ። እሷም ቢላዋዋን መልሳ አነሳች።

በነጋታው ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥምዝ ደቁሳ የአሳዎቹን ሆድ ሞላች፤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ፍም ላይ ደረደረቻቸው። ከተቀቀለ ጎደሬ ጋር ሲቀርብ አቶ ከፈለኝ ኮባውን ገልጠው እንፋሎቱን ሳቡ፤ ቀመሱ፤ ደገሙ።

«ይህን ሁሉ በመንጠቆ? እንዲህ ትዕግሥት ያለው ሰው ያሳደጋትን ልጅ መውሰድ ለእኛ ክብር ነው» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አልአዛር። ሐሴት የእጅ ውሃ ይዛ ቆማ ነበር፤ ቀና ብላ አላየችውም። ልጁን ሰጠ፤ ተመራርቀውም ተለያዩ።

ከሁለት ቀን በኋላ ከታች በኩል የምትኖረው ማናልሞሽ ጀሪካኗን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ድንጋዮቹ ሥር የተከማቸ የበሰበሰ አሳ አገኘች። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ ተሰበሰበ። ማንም ስም አልጠራም፤ ሁሉም ግን ኢዮሲያስን አየ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ታፈሰ ግቢ ሰው ሞላ። «አልአዛር፣ የወንዙን ነገር ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አንተ ጀምር» አሉት።

ተነሳ። «ያየ ሰው ሳይኖር መፍረድ ይከብዳል» አለና ተቀመጠ።

«ይሄ ደግነቱ!» ተባባሉ።

ኢዮሲያስ ቆመ። «ያኔ አጥፍቻለሁ፤ ጋሼ አልአዛር የተናገረው እውነቱን ነው። የአሁኑን ግን አላደረግኩም። እግዚአብሔር ያውቃል።» አጠገቡ ሚስቱ አንገቷን ደፍታ መሬቱን በጣቷ ትጭራለች። አልአዛር ከዚህ በላይ ሊያያት አልቻለም።

«ተዉት» አለ ብድግ ብሎ። «ተዉት። ለእንግዶቼ ብዬ የበተንኩት እኔ ነኝ።»

ቢጮሁበት በቀለለው። አንዲት አሮጊት ሳቅ ብላ «ቀልድህን ነው?» አለችው፤ ፊቱን አይታ ሳቋን ዋጠች። ኢዮሲያስ ቀረበው።

«ያኔ ያልከኝን ታስታውሳለህ፣ ጋሼ?»

«አስታውሳለሁ።»

«እኔ አልልህም» አለና ሚስቱን ይዞ ወጣ።

ሽማግሌዎቹ እስከ መጪው ክረምት መጨረሻ መንጠቆ እንዳይዝ፣ የእነ ማናልሞሽን የውሃ መቅጃም እንዲጠርግ ፈረዱበት። ይህ አልከበደውም። የከበደው የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሐሴት አጠገቡ ተቀምጣ አቶ ከፈለኝ ጋ መደወሉ ነበር። ምንም ሳይደብቅ ነገራቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ጠየቁት።

«ልጅቷ ታውቅ ነበር?»

«የደረሰችብኝ እሷ ናት። አፍራልኝ ዝም አለች እንጂ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ልጅቷ ልጃችን ናት» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ሰርጉ በጥር ሆነ። አቶ ከፈለኝ በአክብሮት ሳሙት፤ የትዕግሥቱን ነገር ግን ዳግም አላነሱትም፤ እሱም እንዲያነሱት አልጠበቀም። ከኢዮሲያስ ጋር ሰላምታ አላቸው። በጠባቧ የቡና ማሳ መንገድ ፊት ለፊት ሲገናኙ ግን እንደ ልማዱ ታናሹ ለታላቁ መንገድ መልቀቁ ቀርቶ፣ ቆቡን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገባ ብሎ የሚያሳልፈው አልአዛር ነው።