ባልቻ ደሴቱን አልሸጠም

ጣልያን ዲላ በገባ በሁለተኛው ዓመት በልጉ አንጀት የሚያርስ ነበር። ኮረዳ ነበርኩ። ጭቃው በእግሬ ጣቶች መሃል ብቅ እያለ ሲኮረኩረኝ ብቻዬን እየሳቅኩ እሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሳቅኩበት በልግ ትዝ አይለኝም።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ባልቻ፣ የለገዳራ ወንዝ ለሁለት ተከፍሎ ያቀፈው መሬት ነበረው። ከአባቱ የደረሰው ድርሻ ነው። ሁላችንም ደሴቱ እንለው ነበር። ዝግባው፣ ዋንዛው፣ ብርብራው፤ ከሥር ወፍ የዘራው ቡና፣ ከላይ ጉሬዛ። ባልቻ እዚያ ከብት አያስገባም፣ ወጥመድ አያስጠምድም። ለማገዶ እንኳ የወደቀ ይለቅማል እንጂ የቆመ አይነካም።

ሚስቱ ወርቂቱ፣ «እኔን እንኳ እንዲህ ጠብቀኸኝ አታውቅም» ትለዋለች።

«አንቺን ማን ደፍሮ ይነካሻል!» ይላታል።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ባለፈው ለቅሶ ቤት አንዲት ሴት፣ «ባልቻ እኮ ደሴቱን ለጣልያን የሸጠው ነው» ስትል ሰማሁ። ውሸት ነው! እኔ እዚያው ነበርኩ።

ለመንገዱ ድልድይ ግንድ የሚያስቆርጥ ጣልያን፣ ጓንጉል የሚባል አስተርጓሚ ይዞ መጣ። ጓንጉል ዲላ ውስጥ ጨው ይቸረችር የነበረ ሰው ነው፤ ባርኔጣ ቢያደርግ ጊዜ ሰላምታችንን ረሳ። ትልቁን ዝግባ ፈለጉ።

«አይሆንም» አለ ባልቻ።

«ዛፍ ነው እኮ፤ ሚስትህን አልጠየቅንህ!» አለው ጓንጉል።

«ሚስቴን ብትጠይቅማ ራሷ ትመልስልሃለች። ዛፉ አፍ ስለሌለው ነው እኔ የምመልሰው።»

ወርቂቱ ከኋላ ሆና፣ «እስቲ ና ጠይቀኝ!» አለች። ከወንዙ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጓንጉል ያን ሳቅ አልረሳውም።

በማግስቱ ወታደርና ከሌላ አገር የመጡ ቆራጮች ይዘው ተመለሱ። ወታደሮቹ እኛን በጠመንጃ ወደ ዳር ገፉን፤ ቆራጮቹ ዝግባውን ከነቅርንጫፉ ከግርጌው መምታት ጀመሩ። እኛ አገር ትልቅ ዛፍ እንዲህ አይጣልም። መጀመሪያ ሰው ይወጣል፤ ቅርንጫፉን ከላይ ጀምሮ እየቆረጠ በገመድ ያወርዳል። ያኔ ግንዱ ብቻውን በክፍት ቦታ ይወድቃል፤ ከሥር ያለው ቡና፣ እንሰትና ችግኝ አይደቅቅም።

ባልቻ፣ «ኧረ ቅርንጫፉን አውርዱ! ሁሉን ጨፍልቃችሁ ልትገድሉት ነው!» ብሎ ጮኸ። ማን ይስማው! ዛፉ መውደቁ እንደማይቀር ሲያይ ጋቢውን ወረወረ፤ ገጀራውን ወገቡ ላይ ሻጠ፤ ገመድ ይዞ ወጣ። ጣልያኑ ቆራጮቹን በእጁ አስቆማቸውና ቀና ብሎ ያይ ጀመር። ባልቻ አንድ በአንድ እየቆረጠ አወረደ። ግንዱ ሲወድቅ አንድ የቡና እግር አልተሰበረም።

የኛ ሰው እንዲያ ነው የሚያስበው። ያንን የትኛው ጠላት ይረዳዋል? ጣልያኑ የባልቻን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ጓንጉል ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «አያችሁ! ባለቤቱ ራሱ ቆርጦ አስረከበ!» አለ።

ከዚያ ጀምሮ ደን ያለው ሰው እምቢ ባለ ቁጥር እነ ጓንጉል «ባልቻ ሰጥቶ የለ!» ይሉታል። የራሳችን ሽማግሌዎች እንኳ፣ ገጀራውን በዓይናችን አይተናል ብለው ፊት ነሱት። ለምን እንደወጣ የጠየቀው አንድም አልነበረም። አንድም!

ቆራጮቹና ወታደሮቹ የቀረውን ዛፍ ሊጥሉ ሲመጡ ባልቻ መሻገሪያው ላይ ገጀራውን ይዞ ቆመ። በሰደፍ መትተው ጣሉት፤ አስረው ወሰዱት። ደሴቱን ጠርገው ጨረሱት። ክረምት ሲገባ ጎርፉ አፈሩን እየላጠ ወሰደው፤ ጉሬዛዎቹ የት እንደገቡ እግዜር ይወቅ። ጓንጉል ግን ጣልያን ሲወጣ ባንዲራ ይዞ ከፊት ሲዘፍን ነበር፤ እሱን ሸጠ ያለው የለም።

ባልቻን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ይርጉ የሚባል የወናጎ ሰው ነው። እጁ የፊጥኝ ታስሮ፣ ግንድ በጫነ ካሚዮን ላይ ተቀምጦ፣ ከወናጎ ወደ ይርጋጨፌ ሲያልፍ አይቶታል።