የብሪንክማኑ ባለ አንድ እግር ወንበዴ

ከተማችን ብሪንክማን አሜሪካ፣ ነብራስካ ግዛት ውስጥ ነው፤ ዙሪያው በቆሎ ነው። በየትም በኩል ቢነዱ ባሕር ለመድረስ ሁለት ቀን ይፈጃል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ግን «የባሕር ወንበዴዎች» ይባላል። ለምን እንደተባለ የሚያውቀው ሰው ከሞተ ቆይቷል።

ዴልማር ዛቫዲል የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች የእህል መጫኛ ማሽን የበላው በሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ኧርማ ሆስፒታል ስትደርስ መጀመሪያ የጠየቃት ማሽኑ ተበላሽቶ እንደሆነ ነበር። ከዚያ በኋላ በፕላስቲክ እግር ሃያ ሁለት ዓመት ነዳ፤ አርብ አርብ ደግሞ ኳስ ሜዳ እየተገኘ ዳኞችን ይሳደባል። በሁለቱም ሥራ የሚስተካከለው አልነበረም።

የቡድኑ ምልክት ያኔ ከካርቶን የተሠራ ትልቅ የወንበዴ ጭንቅላት ነበር፤ ተማሪዎች በየተራ ያጠልቁታል። የአርባ ዓመት ላብ ስለጠጣ ሽታው ከባለቤቱ ቀድሞ ሜዳ ይገባል። አንድ መስከረም ላይ አይጥ ወለደችበትና ሁሉም አላጠልቅም አለ። ርእሰ መምህሯ ሎርና ፔትስካ ምልክቱን በበቆሎ እሸት ልትቀይረው አሰበች። ዴልማር ይህን ሲሰማ ቢሮዋ ድረስ ሄደ።

«በቆሎ ማንን ያስፈራል? እኛው አይደለን እንዴ የምንበላው» አላት።

በሚቀጥለው አርብ የፕላስቲክ እግሩን አውቶቡስ ውስጥ ትቶ፣ ከአጥር እንጨት የጠረበውን አስሮ፣ የኧርማን ቀይ ካፖርት ለብሶ፣ አንድ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ፣ እንደ ተረት የባሕር ወንበዴ ሆኖ ሜዳ ገባ። ትከሻው ላይ ያሰራት ዶሮ ነበረች፤ የወንበዴ ወጉ በቀቀን ነበር፣ ግን ከየት ይምጣ? የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች መርከብህስ የታለ እያሉ አሾፉበት።

«ያው፣ ቢጫው አውቶቡስ» አላቸው። «ከጨዋታው በኋላ እናቶቻችሁን ለቅሶ አደርስበታለሁ።»

የኛ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ጨፈረ። ዶሮዋ ካፖርቱ ላይ አራች። አርባ ሁለት ለስድስት ተሸነፍን፤ ግን ማንም ቶሎ ቤቱ አልገባም።

ሰኞ ዕለት ወደ ከተማው ከመጣች ሁለት ወር ያልሞላት አንዲት ወላጅ፣ በአካል ጉዳተኛ መሳለቅ ነው ብላ ለትምህርት ቤቱ ቦርድ አቤት አለች። ስብሰባ ተጠራ። ዴልማር ከኋላ ተቀምጦ አዳመጠ። ሴትየዋ፣ እግሩን ያጣ ሰው ይህን ቢያይ ምን ይሰማዋል ብላ ስትጠይቅ፣ የፕላስቲክ እግሩን ፈታና በአንድ እግሩ እየዘለለ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሰውየው ደስ ብሎታል» አለ። «የተቀየመችው ኧርማ ናት፣ ለካፖርቷ።»

ሴትየዋ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው እግሩን ላለማየት ዓይኑን ሲያሸሽ እንደኖረ፣ አርብ ዕለት ግን ስምንት መቶ ሰው አፍጦ እንዳየው ነገራት። ቦርዱ እጅ አውጥቶ አጸደቀለት፤ የተከለከለችው ዶሮዋ ብቻ ናት።

አሥራ አንድ ዓመት ወንበዴያችን ሆነ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያሸነፍነው ዘጠኝ ጨዋታ ነው። የጎረቤት ከተማ ልጆች የእንጨት እግሩን ሁለት ጊዜ ሰረቁት፤ ሁለቴም አዲስ ጠርቦ የባሰ ስድብ ቀረጸበት። ጡረታ ሲወጣ ሎርና እግሩ የዋንጫ መደርደሪያው ላይ ይቀመጥልን ብላ ለመነችው፤ ቦታ እንደሆነ ሞልቶ ተርፏል። እሱ ግን እምቢ አለ። ጓሮ ወስዶ ለኧርማ ቲማቲም መደገፊያ አድርጎ ተከለው።